ፋብሪካው የተዘጋበት የሶላር ፓነል፦ ልተወው፣ ላስጠግነው ወይስ ልቀይረው?

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቡና እየቆላሁ በሩ ተንኳኳ። ታብሌት የያዘ ወጣት ነው። ሰላምታውን ሳይጨርስ ወደ ጣሪያዬ ጠቆመ። "ያን ፓነል የሠራው ኩባንያ እንደተዘጋ ያውቃሉ?" አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። "እንግዲያው ዋስትና የለዎትም። ሳይበላሽብዎት ሁሉንም እንቀይርልዎ?"

ቡናው ሊያርብኝ ስለሆነ አመስግኜ በሩን ዘጋሁ። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ወደ ውስጥ ገባ።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በ2013 ጣሪያዬ ላይ 28 ፓነል አስገጠምኩ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። እያንዳንዱ 250 ዋት ነው፤ በድምሩ 7 ኪሎዋት። የ25 ዓመት ዋስትና ያለው የሚያምር ወረቀትም ሰጡኝ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ፋብሪካው ከሰረ። ፓነሉን ጣሪያ ላይ ያሰረው ድርጅትም ስልኩ አይሠራም። ስማቸውን አልጠራም፤ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ።

ከዚያ ወዲህ ኢንቨርተር (የፓነሉን ኃይል ቤት ውስጥ ወደምንጠቀምበት መብራት የሚቀይረውን ሳጥን) ቀይሬያለሁ። አንድ ፓነልም ተሰብሮብኝ ተክቻለሁ። ሁሉንም ስለመቀየርም ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቄ ትቼዋለሁ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም

የሶላር ፋብሪካ መክሰር የተለመደ ነው። ከቤቴ በመኪና ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ሮክቪል ላይ ሁለት የሃንጋሪ ስደተኞች በ1973 ሶላሬክስ የሚባል ኩባንያ አቋቁመው ነበር። በኋላ ፍሬድሪክ ከተማ ትልቅ ፋብሪካ ሠሩ። እሱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ ቢፒ ሶላር ሆነ። ቢፒ ደግሞ በ2010 የፍሬድሪክን የፓነል ምርት አቆመ፤ በ2011 መጨረሻ ከነጭራሹ ከሶላር ሥራ መውጣቱን አስታወቀ። የቢፒ ፓነል ዛሬም ሥራ ላይ ያለባቸው ጣሪያዎች አሉ።

የጀርመኑ ሶላርወርልድ በ2017 ከሰረ። ኦሪገን፣ ሂልስቦሮ የነበረውን ፋብሪካውን በቀጣዩ ዓመት ሳንፓወር ገዛው። የገዢውም ተራ ብዙ አልቆየም፤ ሳንፓወር በኦገስት 2024 ለኪሳራ ፍርድ ቤት አመለከተ።

የሳንፓወር ነገር ትንሽ ያደናግራል። ብዙ ሐበሻ ቤት ላይ ስላለ ላብራራው። ኩባንያው በ2020 ፓነል የሚያመርተውን ክፍል ማክሲዮን ብሎ ለይቶ አውጥቶት ነበር። ስለዚህ በ2024 የወደቀው ሻጩና አስገጣሚው ወገን ነው። የተወሰነውን ንብረቱን ኮምፕሊት ሶላሪያ የሚባል ሌላ ኩባንያ በ45 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2025 ደግሞ ያ ገዢ ራሱን "ሳንፓወር" ብሎ ሰየመ። እናም ስሙ ዛሬም አለ። ግን ከኪሳራ ንብረት የገዛ ኩባንያ የሟቹን ዋስትና አብሮ ላይወስድ ይችላል። "እኛ ያው ሳንፓወር ነን" የሚል ሰው ቢደውልላችሁ የድሮውን ዋስትና መውሰዱን በጽሑፍ ጠይቁት። በቃሉ ብቻ አትመኑት።

ኤልጂ ደግሞ ሌላ ነው። በ2022 ፓነል መሥራት አቆመ እንጂ አልከሰረም። ፍሪጅና ቴሌቪዥን እየሸጠ ነው፤ ዋስትናውን እንደሚያከብርም ተናግሯል። ፓነል ማምረት ያቆመና የከሰረ ለየቅል ናቸው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሳታጣሩ "ዋስትናዬ ቀርቷል" ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

የሞተው ማን ነው?

ሰው "ሶላሬ" ሲል አንድ ነገር ይመስለዋል። ጣሪያችሁ ላይ ግን ቢያንስ አራት ኩባንያ አለ፦ ፓነሉን የሠራው፣ ኢንቨርተሩን የሠራው፣ የገጠመው፣ እና በአፕ የሚያሳያችሁ። በብድር ወይም በሊዝ ከሆነ ገንዘብ የሰጠው አምስተኛ ይሆናል።

አንዱ ሲሞት ሌሎቹ አይሞቱም። ጥሩ ምሳሌው ራሱ ሳንፓወር ነው። በኋለኞቹ ዓመታት የገጠማቸው ብዙዎቹ ሲስተሞች ከእያንዳንዱ ፓነል ሥር ማይክሮ ኢንቨርተር የሚባል ትንሽ ኢንቨርተር አላቸው። እሱን የሠራው ኤንፌዝ ነው። ኤንፌዝ ደግሞ አለ። ግድግዳ ላይ ያለው ቁጥር ሰብሳቢ ሳጥን ግን የሳንፓወር ነበር። ስለዚህ አፑ ጭልም ሲል ብዙ ሰው ሶላሩ የተበላሸ መሰለው። ፓነሉ መብራት ማመንጨቱን አላቆመም፤ የጠፋው ወሬ ነጋሪው ነው። ያንን ሳጥን በኤንፌዝ ሳጥን አስቀይሮ ማይክሮ ኢንቨርተሮቹን በኤንፌዝ አፕ መከታተል ይቻላል።

ስለዚህ ከምንም በፊት ኢንቨርተሩ ላይ ያለውን ስምና ሞዴል በስልካችሁ አንሡ። የፓነሉ መለያ ወረቀት ያለው ከጀርባው ነው፤ ለዚያ ጣሪያ ላይ አትውጡ። ሲገጠም ለካውንቲ የቀረበው የፐርሚት ፕላን ላይ ሞዴሉ ተጽፏል። ከካውንቲው መጠየቅ ትችላላችሁ። እኔ የራሴ ወረቀት ጠፍቶብኝ ያገኘሁት ከዚያ ነው።

ያጣችሁት ነገር ስንት ያወጣል?

በር ያንኳኳው ልጅ ያስፈራራኝ በዋስትናው ነው። እስቲ እናስላው።

ፓነል ሲሸጥ ሁለት ዓይነት ዋስትና ይሰጣል። አንደኛው ለዕቃው ጉድለት ነው። ሁለተኛው ለሚያመነጨው ኃይል ነው፤ በብዙ አሮጌ ፓነሎች ላይ "በ25ኛው ዓመት ከ80 በመቶ አይወርድም" ይላል። ፓነል በአማካይ በዓመት ግማሽ በመቶ ገደማ ይደክማል። በ25 ዓመት 12 ወይም 13 በመቶ ማለት ነው። ማለትም ጤነኛ ፓነል 87 በመቶ ላይ ይሆናል። ፋብሪካው በሕይወት ቢኖርም ያ ዋስትና አይነካም ነበር። ደግሞ ብዙዎቹ ወረቀቶች ፓነሉን ይተካሉ እንጂ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ለሚፈታውና ለሚያስረው ሰው አይከፍሉም። ትልቁ ወጪ ደግሞ እሱ ነው።

በእኛ አካባቢ ጥላ የሌለበት፣ ወደ ደቡብ የዞረ 1 ኪሎዋት ፓነል በዓመት 1,200 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። የእኔ 7 ኪሎዋት አዲስ ሳለ 8,400 ገደማ ነበር። የመብራት ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 18 ሳንቲም ብንል 1,500 ዶላር አካባቢ ይሆናል። በ12 ዓመት ድካም የቀነሰው 500 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በዓመት 90 ዶላር። አንድ ፓነል ሙሉ በሙሉ ቢሞትብኝ በዓመት የማጣው 54 ዶላር ነው።

54 ዶላር! ለዚህ ብሎ 28 ፓነል የሚያስነቅል ሰው ካለ በሬ ወለደ ነው።

ስለዚህ ሶላራችሁ የሚሠራ ከሆነ እንዳለ መተው እንደ ቸልተኝነት አይቆጠርም። የመጀመሪያው አማራጭ እሱ ነው፣ ለብዙ ሰውም የሚበጀው እሱ ነው። ግን መተው ማለት መርሳት አይደለም። እኔ በወሩ የመጀመሪያ ቀን የኢንቨርተሩን ቁጥር ደብተር ላይ እጽፋለሁ። የዘንድሮ ሜይን ከአምናው ሜይ ጋር አስተያያለሁ። አንዱ ወር በደመና ምክንያት 10 በመቶ ቢወርድ አይገርምም። ሦስት ወር ተከታትሎ ከወረደ ግን ሰው እጠራለሁ።

ሜሪላንድ ላላችሁ፦ ለእያንዳንዱ 1,000 ኪሎዋት ሰዓት አንድ ኤስሬክ፣ ማለትም የሚሸጥ የሶላር ምስክር ወረቀት፣ ታገኛላችሁ። አፑ ሲሞት ቁጥሩ ካልተመዘገበ እሱም ይቀራል። የገጠመላችሁ ድርጅት በእናንተ ስም ሲሸጥላችሁ ከነበረ አካውንቱ ማን እጅ እንዳለ ዛሬውኑ አጣሩ። እኔ በዚህ የስምንት ወር ገንዘብ አጥቻለሁ።

የሚሞተው ሳጥኑ ነው

ጋራዥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ትልቅ ኢንቨርተር ካላችሁ ከ10 እስከ 15 ዓመት ጠብቁ። የእኔ በ11ኛው ዓመት ቀይ መብራት አበራና ዝም አለ። አንድ ቨርጂኒያ የሚኖሩ ሐበሻ ኤሌክትሪሺያን መጡ። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ።

"ጋሼ፣ ፓነሉም አርጅቷል መሰለኝ። ፋብሪካውም ተዘግቷል" አልኳቸው።

"ፓነሉ ዜና አይሰማም፣ ልጄ" አሉኝ።

የእኔ 28 ፓነል በሁለት መስመር የተቀጠለ ነው፣ አሥራ አራት አሥራ አራት። ማብሪያውን አጥፍተው፣ ወፍራም ጓንት አድርገው፣ መለኪያቸውን አንዱ መስመር ላይ ሰኩ። 483 ቮልት። ሁለተኛው ላይ ሰኩ። 481። "አየሽ? መንታ ናቸው" አሉ። በእያንዳንዱ ፓነል ውስጥ ሦስት ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) አለ። አንዱ ቢቃጠል የፓነሉ ሲሶ ይሞታል፤ የዚያ መስመር ቮልቴጅ በ10 ወይም በ12 ይወርድ ነበር። ሁለቱ እኩል መሆናቸው ፓነሎቹ ደህና ለመሆናቸው ጥሩ ምልክት ነው። ሥራው አምስት ደቂቃም አልፈጀ። (ይህን ራሳችሁ አትሞክሩት። 480 ቮልት ዲሲ፣ ማለትም አቅጣጫው የማይለዋወጥ ኤሌክትሪክ፣ አንዴ ከያዘ አይለቅም።)

ሙሉ ሲስተሙ ይቀየር የሚል ሰው ከመጣባችሁ ይህን ልኬት ጠይቁት። ሳይለካ የሚፈርድ ሐኪም ዘንድ ማን ይሄዳል?

ያኔ የቀረበልኝ ምርጫ ሦስት ነበር።

ቀላሉ አሮጌውን አውርዶ ሌላ ተመሳሳይ ኢንቨርተር መስቀል ነው። ጣሪያ ላይ ብዙም አይወጣም፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። እንቅፋቱ የኤሌክትሪክ ደንቡ ነው። ከ2017ቱ ደንብ ወዲህ በአዲስ ሶላር ላይ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ማብሪያውን ሲያጠፉ ጣሪያው ላይ ያለው ቮልቴጅ በየፓነሉ መውረድ አለበት። አሮጌ ሲስተም ላይ ኢንቨርተር ብቻ ሲቀየር ይህን ይጠይቁ አይጠይቁ እንደየካውንቲው ይለያያል። ዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት ፐርሚት ቢሮ ደውሉ።

ሁለተኛው ከእያንዳንዱ ፓነል ሥር ኦፕቲማይዘር (የየፓነሉን ኃይል ለብቻ የሚያስተካክል ትንሽ ዕቃ) የሚጨምር ነው። ጥላ ላለበት ጣሪያ ጥሩ ነው፣ እያንዳንዱን ፓነል ለብቻ ያሳያል። እኔን ያላስደሰተኝ ግን አንድ ነገር አለ። ለምሳሌ የሶላርኤጅ ኦፕቲማይዘር የሚሠራው ከሶላርኤጅ ኢንቨርተር ጋር ነው። ከአንድ ኩባንያ ሞት ተርፌ እንደገና በአንድ ኩባንያ ሕይወት ላይ 28 ዕቃ ላንጠለጥል? ኩባንያው ይወድቃል እያልኩ አይደለም። አንዴ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ።

ሦስተኛው ማይክሮ ኢንቨርተር ነው። አንዱ ቢበላሽ የሚጠፋው አንድ ፓነል ብቻ ነው፤ የኤንፌዙ የ25 ዓመት ዋስትና አለው። ግን ሁሉም ፓነል ተነሥቶ፣ ተገልብጦ፣ መልሶ መታሰር አለበት። አሮጌ ፓነል ደግሞ ሲነካካ አይወድም፤ ሽቦው ደርቋል፣ ማያያዣው ተሰባሪ ሆኗል። ለአሥር ዓመት ፓነል ያን ሁሉ ጉልበት መክፈል ከመጣ፣ ጣሪያው በሚታደስበት ጊዜ ማድረግ ይሻላል።

ጣሪያዬ ጥላ የለበትም። ካውንቲውም አላስቸገረኝም። የመጀመሪያውን መረጥኩ። ጎረቤቴ ትልቅ የኦክ ዛፍ ስላለው ማይክሮውን መረጠ፤ እሱም አልተሳሳተም።

አንድ ወጥመድ ላስጠንቅቃችሁ። የጥንቶቹ የሳንፓወር ፓነሎች አዎንታዊው ሽቦ መሬት ጋር እንዲገናኝ ይፈልጉ ነበር። የዛሬዎቹ ትራንስፎርመር የሌላቸው ኢንቨርተሮች ይህን አያደርጉም። ዝም ብሎ ቢቀየር ፓነሉ ቀስ በቀስ ኃይሉ ይወርዳል። የእናንተ የዚያ ዘመን ከሆነ ኤሌክትሪሺያኑ የፓነሉን መግለጫ ወረቀት አንብቦ እንዲመጣ ንገሩት። ፊቱ ላይ ግራ መጋባት ካያችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።

አንድ ፓነል ሲሰበር

በ2022 ክረምት የዚያው የጎረቤቴ ኦክ ቅርንጫፍ በንፋስ ተወርውሮ አንዱን ፓነል መታው። የፓነል መስታወት ሲሰበር እንደ መኪና የፊት መስታወት ነው፤ አይረግፍም፣ እንደ ሸረሪት ድር ይሆናል። ለጥቂት ቀን ሠራ። ከዚያ ዝናብ መጣ።

ኢንሹራንስ ደወልኩ። ቤት ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ የዛፍ፣ የበረዶና የእሳት ጉዳት ይሸፍናል፤ እርጅናንና የፋብሪካ ጉድለትን አይሸፍንም። የእኔ ጉዳይ የሚሸፈን ነበር። ግን ከኪሴ መጀመሪያ የምከፍለው 1,000 ዶላር ነው። ለአንድ ፓነል አልጠየቅኩም።

ቀላሉ መፍትሔ የተሰበረውን አውጥቶ ሁለቱን ጫፍ ማገናኘት ነው። 14 የነበረው መስመር 13 ይሆናል። ሁለቱ መስመሮች ኢንቨርተሩ ላይ በየራሳቸው መግቢያ ከገቡ ችግር የለውም። እንደዚያው ትቶ በዓመት 54 ዶላር ማጣት ያዋጣል። እኔ ግን መሐል ላይ ጥርስ የወለቀ መምሰሉ አናደደኝ። ይህ ቂልነት ነው፣ አውቃለሁ።

ተተኪ ሲፈለግ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዋቱን ነው። ስህተት ነው። በተከታታይ በተቀጠለ መስመር ላይ መመሳሰል ያለበት አምፔሩ፣ ማለትም የሚፈሰው የኤሌክትሪክ መጠን ነው። ውኃ በቀጭኑ ቱቦ ልክ እንደሚፈስ ሁሉ መስመሩን ደካማው ፓነል ይጎትተዋል። የእኔ ፓነል ከ8 አምፔር ትንሽ ይበልጣል። የዘንድሮ 430 ዋት ፓነል ቢገባ በመስመሩ ልክ ይወርዳል፤ ትርፍ ጉልበቱ ይባክናል። ያውም ልኩ አይገጥምም። የድሮዎቹ ባለ 60 ሴል ፓነሎች 1.65 ሜትር በ1 ሜትር ገደማ ናቸው፤ አዲሶቹ ይበልጣሉ። የፍሬሙ ውፍረትም ይለያያል፣ የሚይዘው መቆንጠጫም በዚያው ልክ ነው።

ስለዚህ የሚፈለገው ያገለገለ ያው ሞዴል ነው። ይገኛል። ሰዎች ሲቀይሩ የወረደው አሮጌ ፓነል በኦንላይን ይሸጣል። ስትገዙ መስታወቱን ሳይሆን ጀርባውን እዩ። ነጩ ፕላስቲክ በጣት ሲነካ እንደ ጠመኔ ዱቄት ከለቀቀ፣ ወይም በሴሎቹ መሃል ስንጥቅ ካለው ተዉት። ማያያዣው ላይም ተጠንቀቁ። ኤምሲ4 የሚባለውን ብዙ ኩባንያ አስመስሎ ይሠራዋል። ሁለት የተለያየ ፋብሪካ ማያያዣ ቢሰካም በደንብ አይጋጠምም፤ ይሞቃል፣ እሳትም ያስነሣል። ጋሼ ሁለቱንም ጫፍ ቆርጠው አንድ ዓይነት አደረጉልኝ።

ሦስት ገዛሁ። አንዱ ተገጠመ። ሁለቱ መለዋወጫ ሆኑ።

ሁሉን መቀየር የሚያዋጣው መቼ ነው?

አይቀየር እያልኩ አይደለም። እኔ የማያወላዳ ምክንያት የምለው የጀርባው ፕላስቲክ መሰነጣጠቅ ነው። በተለይ ከ2010 እስከ 2013 አካባቢ በወጡ አንዳንድ ፓነሎች ላይ በብዛት ታይቷል። ምልክቱ ግራ ያጋባል። ዝናብ ባደረ ማግስት ጠዋት ኢንቨርተሩ "የመሬት ፍሳሽ" ወይም "ኢንሱሌሽን" የሚል ስህተት ጽፎ አይነሣም። ረፋዱ ላይ ፓነሉ ሲደርቅ ምንም እንዳልሆነ ይሠራል። ሰው ኢንቨርተሩን ይጠረጥራል፣ ይቀይራል፣ ያው ይሆናል። ይህ ለሕይወትም ስለሚያሰጋ ዋስትና የለም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። አንድ ሁለቱ ከሆነ እነሱን፣ ሁሉም ከሆነ ሁሉንም ማውረድ ነው።

ሌላው ጣሪያው ነው። ጣሪያችሁ አርጅቶ ሊቀየር ከሆነ ፓነሎቹ የግድ ይወርዳሉ። የ18 ዓመት ፓነል ለማውረድና መልሶ ለመስቀል ከሚከፈለው ላይ ትንሽ ጨምሮ አዲስ መስቀል ይሻላል። የ8 ዓመት ከሆነ ግን መልሱት።

የመኪና ቻርጀር ወይም ሂት ፓምፕ አስገብታችሁ መብራት የበዛባችሁም ልታስቡበት ትችላላችሁ። የእኔ 28 ፓነል በያዘው ስፋት 430 ዋት የሆኑ 23 አዲስ ፓነሎች ይገባሉ። 9.9 ኪሎዋት ማለት ነው። ግን የቤታችሁን የብሬከር ሳጥን አስታውሱ። 200 አምፔር ሳጥን ላይ በተለመደው ደንብ ለሶላር የሚፈቀደው ብሬከር 40 አምፔር ነው፤ ወደ 7.6 ኪሎዋት የሚያወጣ ኢንቨርተር። ከዚያ በላይ ከተባለ ሳጥኑም ሊነካ ነው፣ ሂሳቡም ሌላ ነው።

ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ። ከኤፕሪል 15 ቀን 2023 በፊት ያመለከታችሁበት የድሮው የመብራት ልውውጥ ውል ከአዲሱ በጣም ይሻላል። ሲስተሙን በተወሰነ መጠን ካሳደጋችሁት ያ ውል ሊቀር ይችላል። መጀመሪያ የመብራት ድርጅቱን ጠይቁ።

በሩን ያንኳኳው ልጅ ያልነገረኝ ሌላ ነገርም አለ። ለመኖሪያ ቤት ሶላር የነበረው 30 በመቶ የፌዴራል ታክስ ክሬዲት ከ2025 መጨረሻ በኋላ ለሚገጠም የለም። ሕጉ በጁላይ 2025 ተፈርሟል። "መንግሥት ሲሶውን ይከፍላል" እያለ አሁንም የሚሸጥ ካለ ሌላውንም ቃሉን በዚያው ሚዛን መዝኑት።

የሞተውን ዋስትና የሚተካ የአገልግሎት ውል የሚሸጡም መጥተዋል። ሳይፈረም አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ፓነሌ ከገበያ ከጠፋ በምን ትተካላችሁ? ጥርት ያለ መልስ ከሌለ ገንዘቡን በወር በወር ራሳችሁ አስቀምጡት፤ ለኢንቨርተር ይሆናችኋል።

ሊዝ ወይም ብድር ከሆነ

ሊዝ ከሆነ ፓነሉ የእናንተ አይደለም። እስካሁን ያልኩት ሁሉ አይመለከታችሁም፤ ጠግኑ የምትሉት ባለቤቱን ነው። ኩባንያው ሲከስር ሊዙ ለሌላ ይተላለፋል። የሳንፓወር ብዙ ሊዞች አሁን ሳንስትሮንግ የሚባል ኩባንያ ዘንድ ናቸው። በራሳችሁ ኤሌክትሪሺያን አታስነኩት። ክፍያም በራሳችሁ አታቁሙ።

ብድር ከሆነ ሻጩ ቢሞትም ዕዳው አይሞትም። ያም ሆኖ ብዙ ሰው የማያውቀው የፌዴራል ደንብ አለ። ሻጩ ራሱ ያገናኛችሁ አበዳሪ ከሆነ፣ በሻጩ ላይ ያላችሁን አቤቱታ በአበዳሪው ላይ ማንሣት ትችላላችሁ፤ እስከ ከፈላችሁት ድረስ። ውላችሁ ላይ በደማቅ ፊደል የተጻፈ "ኖቲስ" የሚል አንቀጽ ፈልጉ። ያልተጠናቀቀ ወይም ጨርሶ ያልበራ ሲስተም ላይ ተቀምጣችሁ የምትከፍሉ ካላችሁ ይዛችሁት ጠበቃ ዘንድ ሂዱ።

"አገር ቤት ልላከው?"

አሮጌ ፓነል ስለማውረድ ሲነሣ የሁሉም ሐበሻ ጥያቄ ይህ ነው። እህቴም ጠይቃኛለች። ጋራዥ ገብታ ሁለቱን መለዋወጫ አየቻቸው። "እነዚህን ለእማዬ ቤት ብልካቸውስ? እዚያ መብራት ይጠፋል፤ እዚህ ቆመዋል" አለች።

ፓነሉ ራሱ ዲሲ ስለሆነ የትም ይሠራል። ማይክሮ ኢንቨርተር ከሆነ ግን እሱን እዚሁ ተዉት። የአሜሪካው ለ240 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ የእኛ 220 እና 50 ነው። ደግሞ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ባለ 60 ሴል ፓነል 30 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ በቀጥታ 12 ቮልት ባትሪ ላይ አይታሰርም፤ ኤምፒፒቲ የሚባለው ቻርጅ መቆጣጠሪያ ይፈልጋል። ያ ሁሉ ሲደመር፣ 18 ኪሎ የሚመዝን መስታወት በካርጎ ሲላክ፣ እዚያው ገበያ አዲስ ከመግዛት ይብሳል። ገንዘቡን ላኩላቸው።

ለእህቴም እንደዚያው ነገርኳት። ለእማዬ አዲስ አበባ ላይ በተላከው ገንዘብ አንድ ፓነልና ባትሪ ተገዛላት። የእኔዎቹ ሁለቱ ጋራዥ ውስጥ፣ መስታወታቸው ወደ ግድግዳ ዞሮ፣ ከጤፍ ከረጢቱ ጀርባ ቆመዋል። አንዱ ላይ ጋሼ በማርከር "14ኛ፣ ቀኝ ረድፍ" ብለው ጽፈውበታል። እዚያ ያለው ፓነል ጥግ ላይ ትንሽ ቡኒ ነገር ስላዩ ነው።